ልጅ ያቦካው፦ ለመካኒሳ አቦ ወላጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለመካኒሳ አቦ እናቶችና አባቶች፣



ነሐሴ ሊያልቅ ነው። ሰሞኑን ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሰፈራችን ስመለስ የዓመቱ መገባደድ በየአጥሩ ላይ ይታየኛል። ብርድ ልብሱ፣ ምንጣፉ፣ የሶፋ ልብሱ ተሰቅሏል። ፀሐይ ብልጭ ስትል ፍራሽ ይወጣል፤ ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ «ኧረ ፍራሹን!» ተብሎ ይሮጣል። ከየግቢው የኦሞ አረፋ በቱቦው ይወርዳል። ልጆቹ ግን ደጅ ናቸው። «ውጡና ተጫወቱ፣ ቤት እየተጸዳ ነው» ተብለዋል።

የምጽፍላችሁ ስለነዚህ ልጆች ነው።

ሥራዬ ማስተማር ነው፤ የሦስት ልጆችም እናት ነኝ። በየመስከረሙ ትምህርት ሲከፈት ተማሪዎቼን ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፉ አጽፋቸዋለሁ። ብዙዎቹ ስለ እንቁጣጣሽ ጽዳት ይጽፋሉ፤ ጽዳቱን የሚያውቁት ግን ከበረንዳው ነው። ቤት ሲጸዳ ጎረቤት ሄደው ቴሌቪዥን እንዳዩ፣ ወለሉ እስኪደርቅ እንዳይገቡ እንደተከለከሉ ይነግሩኛል። አምና አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ተመልሳ ስትገባ ቤቱ አምሮ እንደቆያት፣ አሻንጉሊቷን ግን እንዳጣቻት በሁለት መስመር ጽፋ፣ በሦስተኛው መስመር ስለ ዶሮ ወጡ ቀጠለች። ቀዩን እስክሪብቶ እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። የራሴን ጥፋት አስታወሰችኝ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። እውነት ነው። ልጅ የወለወለው መስታወት ካልተወለወለው ይብሳል፤ ልጅ ያጠፈው አንሶላ እንደገና ይታጠፋል። በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በፈረቃ የመጣው ውሃ ሊሄድ ሲል፣ ዶሮው ሳይገዛ፣ ቅቤው ሳይነጠር ማን ቁጭ ብሎ ልጅ ያስተምራል? ይገባኛል። ተረቱ የሚያወራው ግን ስለ ዛሬ ራት ነው። ዛሬ ያላቦካች ልጅ የዛሬ አሥር ዓመትም ያቦካችው አይበቃም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ዘንድሮ ቤት ስታጸዱ ልጆቻችሁን አታስወጧቸው።

እኔ ያደግሁት ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ የግድግዳው ልባስ ጋዜጣ ነበር። ጳጉሜ ስትደርስ አባቴ አቡጀዲውን አውርዶ ዓመቱን ሙሉ ሌሊት ሲሯሯጡብን የነበሩት አይጦች ያጠራቀሙትን ጓዝ ያራግፋል። እናቴ ጋኑን በግራዋ አሽታ በወይራ ታጥናለች። ከዚያ ዱቄት በውሃ በጥብጣ፣ እሳት ላይ እያማሰለች ሙጫ ትሠራለች፤ ያረጀው ጋዜጣ ተልጦ አዲስ ይለጠፋል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ ጋዜጣው እንዳይዘቀዘቅ አይቶ ማቀበል የኔ ኃላፊነት ነበር። አንድ ዓመት ቸኩዬ አንዱን ገጽ ገልብጬ ሰጠኋት። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሁሉም አየው፤ ማንም አልቆጣኝም፣ ማንምም አላስተካከለልኝም። አልጋዬ አጠገብ የነበረውን ያንን ገጽ እስከሚቀጥለው ጳጉሜ አንገቴን እየጠመዘዝኩ ሳነብ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ገልብጬ አላቀበልኩም።

ዛሬ ግድግዳችን ቀለም፣ ወለላችን ሴራሚክ ሆኗል። ሥራው ቀለለ፤ ልጆቹም ከሥራው ወጡ።

ሌሎች አገሮች እንዴት እንደሚያደርጉት ተመልከቱ። አይሁድ ፋሲካቸው ከመግባቱ በፊት እርሾ የነካውን ሁሉ ከቤት ያወጣሉ፤ አንድ ቀን ሲቀረው ማታ ሻማ አብርተው በየጥጋጥጉ ፍርፋሪ ይፈልጋሉ። በብዙ ቤት ወላጆች ቁራሽ ዳቦ አስቀድመው ይደብቃሉ፤ ልጆቹ ፈልገው እንዲያገኙት ነው። በጃፓን ተማሪዎች የሚማሩበትን ክፍል ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ራሳቸው ይወለውላሉ። ፈረንጆቹ የጸደይ ጽዳት የሚሉት ደግሞ በእንጨትና በከሰል ሲሞቁ የከረሙበትን ጥላሸት ብርዱ ሲያልፍ መስኮት ከፍተው ከማራገፍ የመጣ ነው።

የኛ ክረምት ትቶልን የሚሄደው እርጥበት ነው። ግድግዳው ያልባል፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሻጋታ ይወጣል፤ ሻንጣ ውስጥ የከረመው የሀገር ልብስ ይታፈናል፤ የሱፍ ልብስ ላይ ብል ይገባል። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ አድርጉት። አየር ካላገኘ ዛሬ የጠረጋችሁት ሻጋታ ተመልሶ ይመጣል። ከመግፋታችሁ በፊት ግን ልጁን ጥሩትና እጁን ከኋላ አስገብቶ ቅዝቃዜውን ይንካው። እኔ ስለ እርጥበት ሰሌዳ ላይ ከምጽፍለት ይልቅ ያ ግድግዳ ያስተምረዋል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

የመጀመሪያ ልጄ ስምንት ዓመቱ ሳለ ቆርኪ ይሰበስብ ነበር። የለስላሳ፣ የቢራ፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ በየቀለሙ ለይቶ በዱቄት ወተት ጣሳ ያስቀምጣል። አንድ ጳጉሜ አያቱ ጋ ሄዶ ሳለ ክፍሉን አጸዳሁና ጣሳውን ከነቆርኪው ማዳበሪያው ውስጥ ጨመርኩት። ሲመለስ አላለቀሰም፤ የት ገባ ብሎም አልጠየቀኝም። ከጥቂት ቀን በኋላ አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳ አንዲት የተቋጠረች ፌስታል አገኘሁ። ስፈታት ሦስት ብይ፣ የተቆረጠ እርሳስ፣ የልደት ኬክ ላይ የነበረች ግማሽ ሻማ፣ እና ከየት እንዳመጣት የማላውቃት አንዲት የአምቦ ውሃ ቆርኪ። መልሼ ቋጠርኳት። ልጄ ንብረቱን የሚደብቀው ከኔ ነበር። ያቺ ፌስታል ከፍራሹ ሥር እስክትወጣ ሁለት ዓመት ፈጀባት።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ደንብ አለው። የማንም ዕቃ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይወጣም። ባለቤቱ ቶሎ መወሰን ካቃተው እስከ ማታ ያስባል። ማታ «ይቆይ» ካለ ይቆያል። «ይውጣ» ካለ ደግሞ በየት በኩል እንደሚወጣ ራሱ ይናገራል፤ ዕቃ ከቤት የሚወጣባቸው አራት መንገዶች አሉና።

አንደኛው መንገድ ስጦታ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያጠረ የደንብ ልብስ የሌለበት ቤት የለም፤ እሱኑ የሚፈልግ ጎረቤትም አይጠፋም። ነገር ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የወለቀው ቁልፍ ተተክሎ ይሰጥ። ቁልፉን ልጁ ራሱ ይትከል። እኛ ቤት ታናሽ ወንድሙ እንዲለብሰው የማይፈልገውን ልብስ ለሰው ልጅ መስጠት አይቻልም። ግማሽ የተጻፈባቸውን ደብተሮችም አትጣሉ፤ ባዶው ወረቀት ተገንጥሎ በመርፌና ክር ሲሰፋ ለዓመቱ የሒሳብ መለማመጃ ይሆናል።

ሁለተኛው ልዋጭ ነው። «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚለው ድምፅ ሲያልፍ አሮጌ ጫማና ልብስ ተሸክሞ የሚወጣው ልጁ ይሁን። ለሁለት ሱሪ አንድ የፕላስቲክ ጆግ ወይስ ሳህን ከነክዳኑ? ልጁ ይከራከር። ሲያሞኙት ዝም ብላችሁ እዩ፤ የሚቀጥለው ዓመት አይሞኝም።

ሦስተኛው ቁራሌው ነው። ጠርሙስ፣ ጣሳ፣ ብረታ ብረት፣ የውሃ ፕላስቲክ ይወስዳል። ልጆቻችሁን አንድ ቀን መርካቶ ምናለሽ ተራ ውሰዷቸው። እኛ የጣልነው በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ የመኪና ጎማ በረባሶ ጫማ ሲሆን ያያሉ።

አራተኛው ማዳበሪያው ነው፤ እሱ የሚሄደው ወደ ቆሼ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የአቦ ዓመታዊ በዓል መጋቢት 5 ይውላል። በ2009 ዓ.ም. በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 2 ቅዳሜ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ እንግዳ ለመቀበል ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። ሁለት ማዳበሪያ ቆሻሻ አስወጥቼ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። በዚያው ምሽት ከኛ ብዙም በማይርቀው ረጲ፣ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ የተቆለለበት ቆሼ ተደርምሶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመርቆ ተከፈተ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ማዳበሪያ ባሰርኩ ቁጥር ያቺ ቅዳሜ ትመጣብኛለች። «ጣልኩት» ማለት ሰው ደጅ አስቀመጥኩት ማለት እንደሆነ ለልጆቼ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆቻችሁን ለማስፈራራት ይህን አትንገሩ። ማዳበሪያውን የሚያነሱትን ሰዎች ግን ያስተውሏቸው፤ «እንደምን አደራችሁ» ይበሏቸው። የተሰባበረ ብርጭቆ በጋዜጣ ጠቅልለው ለብቻው ይስጡ፤ ያለዚያ የሚቆረጠው የሰው እጅ ነው። ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ በፌስታል የተሞላ ፌስታል እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ጋ አለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁን በሰማን ጊዜ ልጆቼ የቤታችንን ይቆጥሩ ጀመር። መቶ ሲያልፍ ተስፋ ቆረጡ። በማግስቱ ግን ገበያ ስወጣ ትንሿ ልጄ ዘንቢሉን ይዛ በር ላይ ጠበቀችኝ።

እንግዲህ ለማን ምን ሥራ እንስጥ? የአራት ዓመት ልጅ ካልሲ ያጣምራል፣ ማንኪያና ሹካ ይለያል። የሰባት ዓመት ልጅ በቁመቱ ያለውን መደርደሪያ ይወለውላል፤ መጽሐፎቹን ይደረድራል። የአሥር ዓመት ልጅ መስኮት በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ በጋዜጣ ያደርቃል። ከዚያ በላይ ያለው ፍራሽ ያወጣል፣ ማቀዝቀዣ ያጥባል፣ የመድኃኒት ሳጥኑን እያነበበ ጊዜው ያለፈበትን ይለያል። ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ይህ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከደረቅ ወደ እርጥብ። ኮርኒሱ ሳይጠረግ ወለል የወለወለ ሁለት ጊዜ ይወለውላል።

ወረቀቶቹንም አንድ ቦታ አድርጉ። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ የውጤት ካርድ፣ የክፍያ ደረሰኝ። በምዝገባ ቀን ከቢሮው በር ላይ ወደ ቤት እየደወሉ «ቡፌው መሳቢያ ውስጥ እይ፣ ኮመዲኖው ላይ እይ» የሚሉ ወላጆች በየዓመቱ አያለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ፋይል ይበቃል፤ ስሙን ራሱ ይጻፍበት።

ልጅ እጁን የማያስገባበት አንድ ነገር ቢኖር በረኪና ነው። ይህን አደራ እላችኋለሁ። በየሱቁ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ይሸጣል፤ ለልጅ ዓይን ውሃ ነው። ነጭ ጋዝም እንዲሁ። ሁለቱንም ሕፃን በማይደርስበት ቦታ፣ ውሃ በማይቀዳበት ዕቃ አስቀምጡ። በረኪናን ከሌላ የመጸዳጃ ቤት ኬሚካል ጋር አትቀላቅሉ፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። ልጅ በረኪና ወይም ጋዝ ከጠጣ አታስታውኩት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ደግሞ ያቃጥለዋል፣ ጋዙም ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ብዙዎቻችን ቤት ሠራተኛ አለች። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች፣ ከልጆቻችን በጥቂት ዓመት የምትበልጥ ልጅ ናት። የኛ ልጅ ሶፋ ላይ እግሩን አንስቶ እሷ ከሥሩ ስትወለውል አይቻለሁ፤ እኔም ቤት አይቻለሁ። ያ ልጅ የሚማረው የወለሉን ጽዳት አይደለም። ቆሻሻ የሚነሳው በሌላ ሰው እጅ እንደሆነ እየተማረ ነው። ሲያድግም የሶዳ ጠርሙሱን ከታክሲ መስኮት ወርውሮ የሚሄደው እሱ ነው። መወልወያውን ስጡት፤ እሷም ለበዓሉ ወደ እናቷ ትደውል።

አባቶች ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ለእናቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም ያለው ዘመን ብዙ ወንድ ልጆችን ካልሲያቸው የት እንዳለ የማያውቁ ባሎች አድርጓል። አቡጀዲውን ያወርድ የነበረው አባቴ መሆኑን አትርሱ።

ሁሉም ዝንፍ ሳይል ይጸዳ ማለቴም አይደለም። ቤት በማስተካከል ጥበብ ዓለም ያወቃት ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ እንኳ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ እንደ ድሮው መሆን እንዳቃታት፣ አሁን ከልጆቿ ጋር የምታሳልፈውን ጊዜ እንደምታስቀድም ተናግራለች። ስለዚህ በአንድ ቀን እንጨርሰው ብላችሁ አትጩኹ። ፈጣሪ ለዚህ ሥራ የመደባት የምትመስል አሥራ ሦስተኛ ወር አለችን፤ አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። የመጀመሪያውን ቀን ለልብስና ለወረቀት፣ ሁለተኛውን ለወጥ ቤት ስጡ። ሦስተኛው ቀን ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ ከመጣ ግን ልጆቹን አስወጧቸው። ሩፋኤል እንዲያሳድጋቸው እየለመኑ ይታጠቡ፤ እኛም ታጥበን ነው ያደግነው። አራተኛው ለመኝታ ቤትና ለመስኮት ይሁን። በአምስተኛው ቀን ቄጤማው ይምጣ፣ እናንተም ተቀመጡ።

ልሰናበታችሁ ነው። ያ ቆርኪ ሰብሳቢ ልጄ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ለክረምት መጥቶ የወጥ ቤቱን ቆጥ የሚያጸዳልኝ እሱ ነው። ትናንት ከቆጡ ላይ የእናቴን ጀበና አወረደ። አንገቷ ከተሰበረ ብዙ ዓመቷ ነው፤ ለቡና አትሆንም፣ ማንም አይወስዳትም። ማዳበሪያው አጠገቡ ተከፍቶ ነበር። አቧራዋን በእጅጌው ጠረገና ከወንበሩ ሳይወርድ ዘወር አለ፦

«እማዬ፣ ይቺስ? ትውጣ ትቆይ?»

ቶሎ መልስ አጣሁ።

«በቃ እስከ ማታ አስቢበት» አለኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

መልካም ጽዳት፣ መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የመካኒሳ አቦ እናትና መምህርት